ቴርሞሜትሩ 91 ካለ 91 ብላችሁ ጻፉ

(የጄኔራል ባዮሎጂ ላብራቶሪ (ላብ) ልምምድ ሲጀመር ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የላብ ቴክኒሻኖቻችን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ገና ያልለመዳችሁት ብዙ እንደሆናችሁ አያለሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ደግ አደረጋችሁ። ላብ ስትገቡ ግን ጋቢው ውጭ ይቀራል። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ላብ ትገባላችሁ። ከመካከላችሁ ማይክሮስኮፕ በእጁ ነክቶ የማያውቅ አለ፤ ቁጥሩም ትንሽ አይደለም። የክፍሎቹን ስም ከመጽሐፍ በቃሉ ይዞ፣ ፈተና ላይ አንድም ሳይስት መልሶ፣ ዕቃውን ግን ሳያየው እዚህ የደረሰ ተማሪ አለ። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ የተጎዳበት፣ ከነጭራሹ ተዘግቶ የከረመበት ልጅም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ላቡ የተዘጋጀው ለማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ማንም ሰው «እስካሁን እንዴት አላየህም?» ቢላችሁ አንገታችሁን አትድፉ።

ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ላብ ውስጥ በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ።

ቀላል ይመስላል። ግን እዚህ እስክትደርሱ ድረስ ትክክለኛው መልስ መጽሐፉ ውስጥ ነው ተብላችሁ ነው ያደጋችሁት። መምህሩ የጻፈውን ገልብጣችሁ፣ የተገለበጠውን አጥንታችሁ፣ ያጠናችሁትን መልሳችሁ ጽፋችሁ ነው ነጥብ ያገኛችሁት። እናም ዓይናችሁ አንድ ነገር ሲነግራችሁ፣ ማንዋሉ፣ ማለትም የላብ መመሪያው፣ ደግሞ ሌላ ሲላችሁ፣ እጃችሁ ሳታስቡት ማንዋሉን ይጽፋል። ጎበዝ ተማሪ ላይ ይህ እንዲያውም ይበረታል።

ምሳሌውን ከዚሁ ከከተማችን ልውሰድ። ምግብ ውስጥ ስኳር፣ ስታርች፣ ፕሮቲንና ቅባት መኖሩን የምንፈትሽበት ልምምድ አለ። ለስኳሩ ቤኔዲክት የሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ ከናሙናው ጋር ትቀላቅላላችሁ። ቴስት ቲዩቡን የፈላ ውሃ ውስጥ ታቆማላችሁ። እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ካለበት ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ስኳሩ ብዙ ከሆነ ጡብ እስኪመስል ይቀላል። በዚያው ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ። ውሃው ሲፈላ ስንት ዲግሪ እንደሆነ መዝግቡ ትባላላችሁ።

ውሃው ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩ 91 አካባቢ ይደርስና ይቆማል። እሳት ብትጨምሩም ንቅንቅ አይልም። ሪፖርቱ ሲሰበሰብ ግን በየወረቀቱ 100 ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ቴርሞሜትሩን አይቷል። ሁሉም 100 ብሏል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ያንሳል። ግፊት ሲያንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 100 ዲግሪ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ያንኑ ቴርሞሜትር ይዛችሁ በጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትለኩ ከ95 በላይ ታገኛላችሁ። እናቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ ከቆላው የበለጠ እንጨት ይፈጃል።

አሁን 100 ብሎ የጻፈው ተማሪ ምን እንዳመለጠው አስቡት። 91 ብሎ የጻፈው «ለምን?» ይላል። ያ ጥያቄ ስለ አየር ግፊት እንዲያነብ ይገፋዋል። ዕቃ ከጀርም የምናጸዳበት አውቶክሌቭ የሚባለው መሣሪያ እንፋሎቱን አፍኖ 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ለምን እንደሆነም ይገባዋል። ውሃ ማፍላት ብቻውን የማይገድላቸው፣ ስፖር የሚባሉ ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ቅርጾች አሉ። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ያልሞተ ስፖር እዚህ በ91 ዲግሪ አይሞትም። ነርስ ወይም ሐኪም ለምትሆኑት ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ሁሉም የሚጀምረው አንድ ተማሪ ያየውን ቁጥር ሳይፈራ በመጻፉ ነው።

ለቤኔዲክቱ አትጨነቁ፤ በ91 ዲግሪም ይሠራል። ቀለሙ ቶሎ ካልተለወጠ ትንሽ ታገሡት። ስንት ደቂቃ እንደቆየም ጻፉ።

ወደ ማይክሮስኮፑ ልምጣ። ስታነሱት በሁለት እጅ ነው። አንዱ እጅ ክንዱን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ይደግፋል። ሁልጊዜ የምትጀምሩት በትንሹ ሌንስ ነው፤ 4 የሚል ተጽፎበታል። የዓይኑ ሌንስ 10 ስለሆነ ሁለቱ ተባዝተው 40 ጊዜ ያጎላሉ። በ4ቱ አይታችሁ፣ ወደ 10ሩ፣ ከዚያ ወደ 40ው ትሄዳላችሁ። በ40ው ላይ እያላችሁ ትልቁን ማስተካከያ አትንኩት። ሌንሱ ወርዶ ስላይዱን፣ ናሙናው የተቀመጠበትን ስስ መስታወት፣ ይሰብረዋል፣ ራሱም ይጫራል። አንድ የተጫረ ሌንስ ለሚቀጥሉት ዓመታት ተማሪዎች ሁሉ ደብዝዞ ይቀራል። እባካችሁ በዚህ ላይ ተጠንቀቁ። መብራት ቢጠፋም አትበተኑ። መስታወት ያላቸው ማይክሮስኮፖች አሉን፤ ወደ መስኮቱ አዙሯቸው። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ለዚህ አታንስም። በቀጥታ ወደ ፀሐይዋ ግን አታነጣጥሩ፤ ዓይን ይጎዳል።

የመጀመሪያው ናሙናችሁ የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ነው። ስላይድ ላይ ታነጥፉታላችሁ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ታደርጉበታላችሁ፣ ከቨር ስሊፑን፣ ማለትም ከላይ የሚሸፍነውን ስስ መስታወት፣ በአንድ ጠርዝ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ታስተኙታላችሁ። ድንገት ከለቀቃችሁት አየር ይታፈናል። የአየር አረፋ በማይክሮስኮፕ በጣም ያምራል። ድብልብል ነው፤ ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር ነው። በየዓመቱ «ሴል» ተብሎ በጥንቃቄ ይሳላል! የሽንኩርቱ ሴል እንደዚያ አይደለም። ረዘም ረዘም ያለ ነው፣ ግድግዳው ከጎረቤቱ ጋር ተያይዟል፣ ውስጡ በአዮዲኑ ቢጫማ ቡኒ የሆነ ኒውክለስ፣ የሴሉን አስኳል፣ ታያላችሁ።

ሥዕሉ ላይ ደግሞ ያው የ100 ዲግሪው ነገር ይመጣል። ተማሪው ሴሉን ይስልና ማይቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞም፣ ጎልጂ እያለ የሴል ጥቃቅን ክፍሎችን ስም ይደረድርበታል። በዚህ ማይክሮስኮፕ፣ በአዮዲን በተቀባ ሽንኩርት ላይ እነዚህን ማንም አያያቸውም። ራይቦዞምን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ከመጽሐፉ ሥዕል ነው የመጡት። ግድግዳና ኒውክለስ ብቻ ካያችሁ፣ ግድግዳና ኒውክለስ ብቻ ሳሉ። በእርሳስ ይሁን፤ መስመሩ ጥርት ያለ ይሁን፤ ስንት ጊዜ አጉልታችሁ እንዳያችሁም ከሥሩ ጻፉ። ሁለት ነገር ብቻ ያለው ሥዕል እኔ ዘንድ ሙሉ ነጥብ አለው። ስምንት ነገር ያለው አያገኝም።

መጠኑንም ለኩ። በ4ቱ ሌንስ ሥር ሚሊሜትር ያለው ብርሃን አሳላፊ ማስመሪያ አስቀምጡና የሚታየው ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት እንደሆነ አንብቡ። 4.5 ሚሊሜትር ካገኛችሁ፣ በ40ው ሌንስ የሚታየው የዚያ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.45 ሚሊሜትር ነው። በዚያ ውስጥ ስንት ሴል በርዝመቱ እንደተደረደረ ቆጥራችሁ አካፍሉ። የአንድን ሴል ርዝመት ራሳችሁ አገኛችሁት ማለት ነው። ይህን ስሌት ስታደርጉ ፊታችሁ ላይ የሚመጣውን ደስታ ሳይ ነው እኔ በዚህ ሥራ የምረካው።

ከሁሉም ልምምዶች እኔ የምወደው የብቅሉን ነው። ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ነው። ብቅል የሌለበት ቤት ያደገ እዚህ ጥቂት ነው። የገብስ ብቅል ትፈጫላችሁ፣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፉታላችሁ፣ ታጠሉታላችሁ። ነጭ ሰሃን ላይ የአዮዲን ጠብታዎች ትደረድራላችሁ። የብቅሉን ውሃ ከስታርች ጋር ቀላቅላችሁ በየደቂቃው አንድ ጠብታ አዮዲኑ ላይ ታደርጋላችሁ። መጀመሪያ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርች አለ ማለት ነው። እየቆየ ሰማያዊው ይለቃል። በመጨረሻ አዮዲኑ በራሱ ቀለም ይቀራል። ስታርቹ አልቋል። ብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ቆራርጦ ወደ ስኳር ቀይሮታል። ጠላ ስንጠምቅም ይኸው ይሆናል፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ደግሞ እርሾው ነው።

ግን ስታርቹን የጨረሰው ብቅሉ ለመሆኑ በምን እናውቃለን? ዝም ብሎ በጊዜ ብዛት ጠፍቶስ ቢሆን? ለዚህ ነው ሁለተኛ ቲዩብ የምታዘጋጁት። ሁሉ ነገሩ አንድ ነው፤ ብቅሉ ብቻ ቀድሞ ፈልቷል፤ መፍላቱ ኢንዛይሙን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። እዚያ ሰማያዊው አይለቅም። ይህን ሁለተኛውን ቲዩብ ኮንትሮል እንለዋለን። ሰዓት ሲያጥራችሁ መጀመሪያ የምትዘሉት እሱን ነው፤ አውቃለሁ። እሱን ከዘለላችሁ ግን የቀረው ሥራችሁ ምንም አያረጋግጥም። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ኢንዛይሙም ይዘገያል። ማንዋሉ የሰጣችሁ ደቂቃ እዚህ ላይበቃ ይችላል። የክፍሉን ሙቀት ለክታችሁ ጻፉ።

ኮንትሮል የፈረንጅ ፈሊጥ የሚመስለው ካለ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያዛምቱት ውሃ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከቦታው በላይ ያሉት በሕይወት ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ አልፎ ይሆናል። እሳቸው ግን ከላይኛው ውሃ ሕያው ቀንድ አውጣዎች አስመጥተው የእንዶድ አረፋ አስጨመሩባቸው። ሞቱ። ወንዙ ራሱ ላይኛውንና ታችኛውን ለይቶ ኮንትሮሉን ሠርቶላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የዓመታት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የተነሱት ግን ማናችንም ከምናውቀው የእንዶድ አረፋ ነው።

ስለ ግሩፕ ሥራ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ዕቃው ለሁሉም አይበቃም፤ በአንድ ማይክሮስኮፕ ብዙ ሆናችሁ ትሠራላችሁ። እና የማየው ነገር አለ። አንድ ቀልጣፋ ልጅ ዕቃውን ይይዛል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ብዙ ጊዜ ወንዶቹ ይነካካሉ፤ ሴቶቹ ጽሕፈታቸው ያምራል ተብሎ ጸሐፊ ይሆናሉ። ይህን አልቀበልም። በየሳምንቱ ተቀያየሩ። ሁሉም ሰው ስላይድ ያዘጋጅ፣ ሁሉም ሰው ያንብብ፣ ሁሉም ሰው ይጻፍ። እኔም እየዞርኩ «ይሄን ስላይድ ማን ሠራው?» እላለሁ።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የምትፈሩም አላችሁ። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጻፉ። እርስ በርስ ግን በሚቀላችሁ ቋንቋ ተከራከሩ። በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሌላም ይሁን። እኔንም እንደ ልባችሁ ጠይቁኝ። ያልገባውን በእንግሊዝኛ ከሚሸመድድ፣ የገባውን በእናቱ ቋንቋ የሚያስረዳ ተማሪ ይሻለኛል።

አሁን ጋቢው። እሳትና አልኮል ባለበት ክፍል የሚንጠለጠል ልብስ አደጋ ነው። ጋቢ፣ ሻርፕ፣ ነጠላ ውጭ ይቀራል። ረጅም ጸጉር ይታሰራል። ክፍት ጫማ አይቻልም። ላብ ውስጥ ምንም አይበላም፣ ምንም አይቀመስም፤ ብቅሉም ቢሆን። ዕቃ የሰበረ ሰው ወዲያው ይንገረን። አንቆጣም። ስብርባሪ ደብቆ ሰው ያስቆረጠ ግን እንቆጣለን።

የመጀመሪያው ግሩፕ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። የግሩፑ ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል። ሽንኩርቱን፣ አዮዲኑን፣ ስላይዱን እኛ እናቀርባለን። እናንተ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ጋውን ይዛችሁ ኑ። ጋውን ለመግዛት ያልቻለ ተማሪ ካለ ከላብ አይቅር። ከዚህ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ትተውልን የሄዱ ጋውኖች ታጥበው ተቀምጠዋል። እኔ ጋ ወይም ቴክኒሻኖቹ ጋ መጥቶ ይውሰድ፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።