ሮቢት ሲደርስ የሚበራው መብራት

የዚህ ሳምንት ስልኮች ነገራቸው አንድ ነው። ቦሎ ደርሷል፤ ያቺ ቢጫ የሞተር መብራት ግን ዳሽቦርዱ ላይ ቁጭ ብላለች። ወይም መብራት የለም፣ የቤንዚን ሽታ አለ። አራቱን መርጠን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምደውለው። መኪናዬ ከአሜሪካ የመጣች ኮሮላ ናት። ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም አትልም። ለሥራ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሁለት ሦስት ቀን ሳድር ግን የሞተሩ መብራት ይበራል። ማሽን ሲያስነብቡት ፒ0455 ይላል። መካኒኩ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ያጠፋውና እመለሳለሁ። አሁን ለምርመራ ልገባ ነው፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሙቀቱ አይደለም ጋሼ። ከፍታው ነው።

ኮዱ የሚለው «የቤንዚን ትነት በሰፊው እያመለጠ ነው» ነው። ቤንዚን ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይተናል። ትነቱ በቱቦ ይሄድና ከሰል የተሞላ ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲሞቅ አንዲት ቫልቭ ትከፈትና ሞተሩ ያንን ትነት ስቦ ያቃጥለዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አልፎ አልፎ መስመሩን ሁሉ ዘግቶ፣ አየር የሚያሾልክ ቦታ እንዳለ ይፈትሻል። ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ እንኳ የሚያገኙ አሉ። የእርስዎ ግን ትልቅ ነው።

ይህን ፍተሻ ግን በፈለገው ሰዓትና ቦታ አያደርገውም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ፍተሻውን ይዘሉታል። የዚያ አገር ደንብም ከ8,000 ጫማ በላይ ይፈቅድላቸዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ጣርማበርን ወርደው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሮቢት ሲያድሩ፣ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ሲነሱ፣ መኪናዎ መፈተሽ ትጀምራለች። ሁለቴ ተከታትላ ቀዳዳ ካገኘች መብራቱን ታበራለች። ስለዚህ ቀዳዳው ደብረ ብርሃንም አብሮዎት ነበር። ዝም ያለው ኮምፒውተሩ ነው።

አሁን ቀዳዳውን እንፈልገው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሰልባትዮውን ክዳን ይፍቱ። ዙሪያውን ያለውን ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበቱን፣ በጣት ይዳብሱት። የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ወይም የተጨፈለቀ ከሆነ ክዳኑን ይቀይሩ። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ይህንኑ ኮድ ይዞ መጣ። ክዳኑን ብርሃን ላይ ሳዞረው ጎሚኒው ላይ አንዲት የጤፍ ጭድ ተለጥፋለች። ማደያ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ በጀሪካን ቀድቶ ነበር፣ ጀሪካኑ የተቀመጠው አውድማ ዳር ነው። በጨርቅ ጠረግሁለት። በቃ፣ ያ ነበር ጥገናው። ክዳኑ የሚያርፍበትን የአፉን ጠርዝም ይዩ። ዝገት ካለ አዲስ ክዳንም አይረዳም። ሲዘጉ ቀጭ ቀጭ እስኪል ያዙሩ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ከሰልባትዮ ወደ ጣሳው፣ ከጣሳው ወደ ሞተር የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች ይከተሉ። ጫፋቸው ላይ፣ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ፋሸታ ሥር ነው የሚሰነጠቁት። እጥፍ ሲያደርጓቸው ስንጥቁ ይታያል።

ከጥገናው በኋላ ኮዱን ያስጠፉ፣ ግን «ጠፋ» ብለው አይመኑ። ሰልባትዮውን ግማሽ አካባቢ አድርገው (ጢም ካለ ወይም ባዶ ከሆነ ፍተሻው አይሠራም) ሮቢት ሁለት ሦስት ሌሊት ይደሩ። መብራቱ ካልተመለሰ ድነዋል። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ቦታዎች ምርመራው ኮምፒውተሩን ያነባል፤ ኮድ አጥፍቶ በማግስቱ የሄደ ሰው «ፍተሻዋን አልጨረሰችም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። እኛ ጋ ጭስ ሲለካ የሚለካው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጫፍ ነው። የክዳን ቀዳዳ እዚያ አይታይም። ቢሆንም ቤንዚኑ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ሽታውን የሚተነፍሱትም ልጆችዎ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሮቢት ታክሲ እሠራለሁ፣ ቪትዝ ናት። መብራት የለም። ግን ማደያ ሞልቼ ስነሳ ቶሎ አትነሳም፣ ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ሚኒሞ ላይም ትንቀጠቀጣለች። ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መብራት የለም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። ለጃፓንና ለዓረብ አገር ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች የሰልባትዮን ግፊት የሚለካ ነገር ስለሌላቸው የትነት ቀዳዳን ፈጽሞ አይናገሩም። የአንተ ምልክት ግን ግልጽ ነው። ያቺ ትነት አሳላፊ ቫልቭ ክፍት ሆና ቀርታለች። ሞልተህ ስትነሳ ትነቱ ሁሉ ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል።

ፈትሻት። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳ። ከከሰል ጣሳው የመጣውን ቱቦ ከቫልቯ ላይ ንቀልና የቫልቯን አፍ በጣትህ ዝጋ። ሚኒሞ ላይ መሳብ የለባትም። ጣትህን ከሳበችው ቫልቯ ሞታለች። እንደ ክዳኑ ሳይሆን ይህች ማርሚታ ላይም ትታያለች፣ ጭሱን ታበላሻለች። ከምርመራ በፊት ቀይራት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ማደያ ላይ መኪናዋን እያወዛወዝክ ትሞላለህ አይደል? ሰልፉን ሳስበው አልፈርድብህም። ግን የማደያው መቅጃ ቀጭ ብሎ ሲያቆም አቁም። ከዚያ በላይ የምትጨምረው ወደ ከሰሉ ጣሳ ይገባል፣ ከሰሉ አንዴ በቤንዚን ከራሰ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። ቀዳዳውን ለማግኘት ጎሚስታ ጋ ሄጄ በመንፊያው አየር ላስነፋበት አስቤ ነበር። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም! ጎማ በ30 ፒኤስአይ ግፊት ነው የሚነፋው። ይህ መስመር የሚፈተሸው ከአንድ ፒኤስአይ በታች ነው። ጣሳውንም ሰልባትዮውንም ሊያፈነዱት ይችላሉ፣ ያውም በቤንዚን ትነት ተሞልቶ። ክብሪትና ላይተር አብርቶ መፈለግማ እንዳይታሰብ። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። ጭሱ በቀስታ ይገባና በቀዳዳው ብቅ ሲል ያዩታል።

ጥያቄ፦ ክዳኑን ስከፍት «ፊሽሽ» ይላል። ይህም ቀዳዳ ነው?

መልስ፦ ተቃራኒው ነው እትዬ፣ ጠብቆ መዘጋቱን ነው የሚነግርዎ። በተለይ ከጣርማበር ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ሲከፍቱ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ድምፁ ከበፊቱ ከጠነከረና ማደያ ላይ መቅጃው በየጊዜው ቀጭ እያለ ካስቸገረ ግን የጣሳው መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ያንን ያስጠርጉ።