ላፕቶፑ ሥራ ሳይኖረው ለምን ይግላል?

ከአዳማ የደወሉ የሦስት አድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ነው። የኮድ መጻፊያውን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን ከፍቼ ምንም ሳልነካው የላፕቶፔ ፋን ይጮሃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ጥገና ቤት ብወስደው "ፎርማት ይደረግ" አሉኝ። ላስደርገው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነህ ታስክ ማናጀርን ክፈት። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለውን ስትጫን ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። እሱን ሚኒማይዝ አድርግና ቁጥሩን ተመልከት። ወዲያው ከወረደ፣ ጫናው ስክሪኑ ላይ ከመሳል የመጣ ሊሆን ስለሚችል የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልግ።

እንዲህ ያለ ነገር በዚሁ በጠቀስከው ፕሮግራም ላይ ደርሷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የምትጽፍበትን ቦታ የምታሳየው፣ ብልጭ ድርግም የምትለዋ መስመር፣ ከርሰር፣ ብቻዋን 13 በመቶ ያህል ፕሮሰሰር ስትበላ ተገኘች። በሰከንድ 2 ጊዜ ብትሳል ይበቃት ነበር። ግን ፕሮግራሙ የተሠራው ኤሌክትሮን በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ነው፤ በውስጡ የክሮም ብራውዘር መሠረት የሆነው ክሮሚየም አለ። ክሮሚየም ደግሞ ከርሰሯን በሰከንድ 60 ጊዜ እያሰላ ይስላት ነበር። ምንም ያልተለወጠ ነገር ደግሞ ደጋግሞ መሳል! መብራት ጠፍቶ በባትሪ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ፋኑ ፋታ አያገኝም።

አዘጋጆቹ ያንን አስተካክለውታል፤ ስለዚህ አፕዴት አድርግ። ካልተሻለው ሴቲንግ ውስጥ ከርሰር ብሊንኪንግ የሚለውን ሶሊድ ላይ አድርገው፤ ከርሰሯ ሳትርገበገብ ትቆማለች። የጫንካቸውን ኤክስቴንሽኖችም (ተጨማሪ መሣሪያዎች) አንድ በአንድ እያጠፋህ ሞክር።

ጥያቄ፦ ፖስታ ቤት አካባቢ የጽሕፈትና ኮፒ ሥራ አለኝ። ደንበኞች ፋይል የሚልኩት በቴሌግራም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። ፎርማት ካስደረግኩት ወዲህ ሙቀቱ ጭራሽ ባሰበት።

መልስ፦ እህቴ፣ "ካስደረግኩት ወዲህ" ያልሽው ነገሩን ይጠቁመኛል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቺ። ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካገኘሽ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ የምስል ክፍሉን የሚያዝበት ሶፍትዌር፣ አልተጫነም ማለት ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ የሚስለው ፕሮሰሰሩ ይሆናል። አሮጌ ፕሮሰሰር ይህን አይችለውም። ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ አውርደሽ ጫኚ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግቢና የሚንቀሳቀሱ ስቲከሮችንና ኢሞጂዎችን አጥፊ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ቪዥዋል ኢፌክትስ ስር አኒሜሽን ኢፌክትስ አለ፤ እሱንም ዝጊው። ይሄኛው ግን የዊንዶውስን እንጂ የሁሉንም ፕሮግራም እንቅስቃሴ አያቆምም።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። የማያውቁት ስም አሁንም ፕሮሰሰሩን ይዞ ከቀጠለ፣ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሙሉ ስካን ያድርጉ።