ከሁለተኛው ደረጃ በኋላ፦ በወላጆች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባዔ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ የዕረፍት ቀናችሁን በገንዳ ዳር ለልጆቻችን የምትሰጡ አሠልጣኞች፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባዔያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም በዚህ ማለዳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓመቱን የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርት ጸሐፊያችንና ሒሳብ ሹማችን በየተራቸው ስለሚያቀርቡ፣ እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ አውለዋለሁ፤ ይኸውም ልጆቻችንን ለዋና ትምህርት ካስመዘገብን በኋላ ገና መንገድ ላይ ሳሉ የምናስወጣቸው መሆኑ ነው።

የማኅበራችንን መዝገብ ስናገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ቤተሰቦቻችን ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ እንደ ድሮው አያመነቱም። ልጁ የመጀመሪያውን ደረጃ ይጨርሳል፤ ሁለተኛውንም ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ከመዝገቡ ላይ አናገኘውም። ምክንያቱን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «አሁንማ ይዋኛል»፣ «ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት አለበት»፣ «ከእግር ኳሱ ሰዓት ጋር ተጋጨብን»። ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔም ይህንኑ መልስ ከሰጡት ወላጆች አንዷ ነኝ።

የበኩር ልጄ የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ሲያመጣልኝ፣ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ፣ በዚሁ ይበቃል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ወዳጆቻችን በሚኖሩበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ፣ በመዋኛው ዳር፣ የልደት ግብዣ ላይ ተሰብስበናል። ልጆቹ ውኃው ወገባቸው ድረስ በሚደርስበት በኩል ይጫወታሉ፤ እኛ ትልልቆቹ ምግብ እያነሣን እንጨዋወታለን። ልጄ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ እየተሳበ ወደ ጥልቁ ከሄደ በኋላ እጁን ለቀቀ። እኔ ከእርሱ አራት እርምጃ እንኳ አልራቅሁም፤ ለአንድ አዛውንት እንግዳ እንጀራ እያቀረብኩ ነበር። ጩኸት አልሰማሁም፤ ውኃውም አልተንቦጫረቀም። ያየችው ሌላ እናት ናት። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ከውኃው ጋር እኩል ሆኖ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላል፤ ሁለት እጆቹ በግራና በቀኝ ተዘርግተው፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ልብሷን እንደለበሰች ገብታ አወጣችው። ዛሬ ጠዋት በዚህ አዳራሽ ወንበር ሲደረድር ያያችሁት ልጅ እርሱ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ነገሮችን ተማርኩ። አንደኛው፣ የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም፤ ለመጮኽ ትንፋሽ ያስፈልጋልና፣ እርሱ ደግሞ የቀረችውን ትንፋሽ የሚሻት ለሕይወቱ ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ ደጋግሜ የምናገረው፣ ያ ልጅ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ውኃውን ስለሚፈራ ጥልቁ ጋ አይደርስም ነበር። የተማረው ትምህርት ፍርሃቱን አስወግዶለታል፤ በፍርሃቱ ፈንታ የሚጠብቀውን ችሎታ ግን ገና አልሰጠውም ነበር። እኔ ከትምህርት ያስወጣሁት ልክ በሁለቱ መካከል ሳለ ነው።

እዚህ አገር ብዙ መዋኛዎች የሚከተሉት፣ ወይም የሚመሳሰሉበት፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የማስተማሪያ ሥርዓት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ገደማ ያሉትን ከወላጅ ጋር ውኃ ውስጥ ያስገባል፤ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ ከ6 ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ በስድስት ደረጃዎች ያልፋሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ፊቱን ነክሮ አረፋ ማውጣትን፣ ዓይኑን ከፍቶ ከውኃው ሥር ዕቃ ማንሣትን፣ በአሠልጣኙ እጅ ተደግፎ በሆዱና በጀርባው መንሳፈፍን ይለማመዳል። በሁለተኛው ደረጃ ድጋፉ ይነሣለታል፤ ለብቻው ይንሳፈፋል፣ ከሆዱ ወደ ጀርባው ይገለበጣል፣ እጁንና እግሩን አቀናጅቶ የቁመቱን አምስት እጥፍ ያህል ርቀት ይሄዳል። እስቲ ይህን አብረን እናስላው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ልጅ የሚሄደው 6 ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ አሠልጣኙ አጠገቡ ሆኖ፣ ውኃው ጸጥ ብሎ፣ ልጁም ተዘጋጅቶ ሲነሣ የሚገኝ ርቀት ነው። ሳያስበው ተገፍቶ የወደቀ፣ ልብስ የለበሰ፣ የደነገጠ ልጅ ያንኑ 6 ሜትር ይሄዳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሦስተኛው ደረጃ ቀጥዬ የምዘረዝራቸውን አምስት ነገሮች የሚያስለምደው ነው፤ ከእርሱ በላይ ስላሉት ደረጃዎች ብዙ አልልም፤ የደረትና የቢራቢሮ ቀዘፋን ማጥራት፣ ርቀት መጨመር፣ ወደ ውድድር ማዘንበል ነው፤ ፍላጎት ያለው ይቀጥልበት።

ቀይ መስቀል አንድ ሰው በውኃ ውስጥ ራሱን መቻሉን የሚለካባቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ እነዚህን እያንዳንዱ አባል በቃሉ እንዲይዛቸው እፈልጋለሁ። ከራሱ ቁመት በላይ ጥልቀት ወዳለው ውኃ ገብቶ ወይም ዘልሎ ከጠለቀ በኋላ ተመልሶ መውጣት፤ ለአንድ ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባለበት ሆኖ እየቀዘፈ መቆየት፤ ሙሉ ዙር ዞሮ መውጫውን መለየት፤ ወደ መውጫው 25 ያርድ፣ ማለትም 23 ሜትር ያህል መዋኘት፤ በመጨረሻም ያለ መሰላል ከገንዳው መውጣት። አምስቱን በተከታታይ፣ ሳያርፉ። ሁለተኛውን ደረጃ የጨረሰ ልጅ ይህን እንዲያደርግ አሠልጣኙን ጠይቁለትና ራሳችሁ ቆማችሁ ተመልከቱ። «አሁንማ ይዋኛል» የምንለው ቃል ምን ያህል ፈጥኖ ከአፋችን እንደሚወጣ ያን ጊዜ ይታያል።

ስለ ሕፃናቱም ብዙ እጠየቃለሁ። የሦስት ወር ልጅ ውኃ ውስጥ ሲነከር ትንፋሹን ሲይዝ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በየስልካችን ይዞራሉ፤ «ሲወለዱ ይችሉታል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ያ ግን ዋና አይደለም፤ በተፈጥሮ የተሰጠና ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ እየደከመ የሚሄድ የሰውነት ምላሽ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጥ የዋና ትምህርት ከመስጠም እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሏል፤ ከ1 ዓመት ጀምሮ ግን ብዙ ልጆች ከትምህርቱ እንደሚጠቀሙ፣ 4 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ለመማር ዝግጁ እንደሚሆኑ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናትም መደበኛ ትምህርት ያገኙ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች የመስጠም አደጋቸው በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል፤ የተጠኑት ልጆች ቁጥር ትንሽ ስለነበር ቁጥሩን እንደ ዋስትና አንይዘውም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

እንግዲያው ሕፃኗን ለምን እናስገባታለን? ባለፈው ዓመት በሕፃናቱ ክፍል ያየሁትን ላውጋችሁ። አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ይዛ እስከ አገጯ ድረስ ዝቅ አለች፤ ዓይኗ ከልጇ ዓይን ጋር እኩል እስኪሆን። በትንሽ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ እየቀዳች መጀመሪያ በትከሻዋ፣ ቀጥሎ በማጅራቷ ላይ ታፈስላታለች፤ ከማፍሰሷ በፊት ሁልጊዜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኗ «ሦስት» የሚለውን ስትሰማ አፏን ገጠመች። በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው ይኸው ነው። ውኃው ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተጠጋ ይሁን፤ ከንፈሯ ከደበዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠች ሰዓቱ ባይሞላም ውጡ፤ ሕፃናትን ደጋግሞ ማጥለቅ ውኃ ብዙ እንዲውጡና በደማቸው ያለው ጨው እንዲወርድ ስለሚያደርግ አሠልጣኝ ቢጠይቃችሁም እሺ አትበሉ። በክንድ ላይ የሚነፉት ላስቲኮችም ልጁን ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ያስለምዱታል፤ ሲተነፍሱ ደግሞ ምንም አይተርፍለትም።

በዚያ ክፍል ውስጥ ዋናዋ ተማሪ እናትየዋ መሆኗን ልብ ብዬ አይቻለሁ። ሕፃን የእናቱን ትከሻ ያነብባል፤ ስትጨነቅ ይጨነቃል። የእኛ ትከሻ ደግሞ ከሩቅ ይዞት የመጣ ነገር አለ። እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው። ወንድሞቼ ተደብቀው ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ እናቴ ክንዳቸውን በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች፤ ውኃ የቆየበት ቆዳ ሲደርቅ ይነጣልና፣ ነጭ መስመር ከወጣ ልምጩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ለእኛ ለሴቶቹ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። በጥምቀት ዕለት ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲዘሉ እኔ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ቆሜ ነው የምመለከተው። እናቴ አልተሳሳተችም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ የወሰደው ልጅ ወሬ ይሰማል፤ የሚያስተምር ሰው አልነበረም፤ በእጇ ያለው መከላከያ መከልከል ብቻ ነበር። እዚህ ግን ክልከላው አይሠራም። ውኃው በምንከራየው ሕንፃ ግቢ፣ በሆቴሉ፣ በበጋው ካምፕ፣ በጎረቤት ልደት፣ በኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ አለ፤ እኛ ወደ ውኃው ባንሄድ ውኃው ወደ ልጆቻችን ይመጣል። እኔ በ43 ዓመቴ መማር የጀመርኩት ይህ ስለገባኝ ነው።

በዚህ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን ሕይወት በመቅጠፍ መስጠም የመጀመሪያው ምክንያት ነው። የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳወጣው፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የሚሰምጡት ከነጮቹ 5.5 እጥፍ በሚበልጥ መጠን ነው። የአሜሪካ የዋና ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ ከጥቁር ልጆች 64 በመቶው የመዋኘት ችሎታ የላቸውም ወይም ያላቸው ጥቂት ነው። ይህ ክፍተት ታሪክ አለው፤ ጥቁርና ነጭ በሕግ በሚለያዩበት ዘመን ጥቁሮች ከሕዝብ መዋኛዎች ይከለከሉ ነበር፤ ክልከላው ሲነሣ ደግሞ እንደ ጃክሰን ሚሲሲፒ ያሉ ከተሞች ሁሉም አብሮ እንዳይዋኝ ብለው ገንዳዎቹን ዘጉ። እኛ ያን ዘመን እዚህ ሆነን አላየነውም፤ ልጆቻችን ግን በዚያው ቁጥር ውስጥ ይቆጠራሉ።

እናቶች ስለ ሹሩባ የምታነሡት ጉዳይ ተገቢ ነው፤ የተሠራ ፀጉርን የሚይዙ ሰፋፊ የዋና ቆቦች አሉ፤ ከመግባት በፊት ፀጉሩን በንጹሕ ውኃ ማራስም ክሎሪኑን ይቀንሳል። ሰውነታቸውን ሸፍነው መዋኘት ለሚፈልጉ ሴት ልጆች ለዋና የተሠራ ሙሉ ልብስ አለ፤ የጥጥ ልብስ ግን ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ አይሁን። የክፍያ ችግር ያለበት ቤተሰብ ለኮሚቴው በግል ይንገረን፤ ስሙ ከኮሚቴው አይወጣም።

ኮሚቴው ለዛሬው ጉባዔ ያዘጋጀው የውሳኔ ሐሳብ፣ በማኅበራችን በኩል የሚመዘገብ ልጅ አምስቱን ነገሮች በአሠልጣኝ ፊት እስኪፈጽም ድረስ ወላጆቹ ከትምህርት እንዳያስወጡት የሚጠይቅ ነው። ይህ እንዲሆን የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲገፋ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረናል፤ ተስማምተውልናል፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው። በአንድ ሠፈር ያሉ ቤተሰቦች ልጆቹን በተራ የሚያደርሱበት ዝርዝርም ከአዳራሹ በር ላይ ተቀምጧል። ለእናቶችና ለአባቶች የማታ ክፍል ለመክፈት አሥር ሰው ከተመዘገበልን እንጀምራለን፤ የመጀመሪያውን ስም እኔ ጽፌአለሁ፤ የጀርባ ቀዘፋ ገና ይቀረኛልና።

ከዚህ ጋር አንድ የአሠራር ለውጥ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራችን በውኃ አጠገብ በሚያዘጋጀው ማናቸውም ዝግጅት ላይ፣ ላይፍጋርድ፣ ማለትም የመዋኛው ሕይወት አዳኝ ጠባቂ፣ ኖረም አልኖረም፣ አንድ አዋቂ ሰው ቢጫ ማሰሪያ ክንዱ ላይ አስሮ ልጆቹን ብቻ ይመለከታል። በዚያ ሰዓት ስልክ አይነካም፣ እንግዳ አያስተናግድም፣ ምግብ አያነሣም፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማሰሪያውን ለተተኪው በእጁ ፈትቶ ያስረክባል። አምስቱንም ያሟላ ልጅ ቢሆን ከዚህ ጥበቃ አይወጣም፤ ከአራት ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ሁልጊዜ ክንዳችን በሚደርስበት ርቀት ይሁኑ።

ማሰሪያዎቹን የሰፋችልን ያን ቀን ልብሷን እንደለበሰች ወደ ውኃው የገባችው እናት ናት፤ ስሟ እንዳይጠራ ስለለመነችኝ አልጠራውም፤ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ማሰሪያ ከእርሷ እጅ ተቀብዬ ዓመታዊ ጉባዔያችን መከፈቱን እገልጻለሁ። ጸሐፊያችን ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ።