ቦምብ ጡረታ አይወጣም፤ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው እንግዳችን የድሮ ፋብሪካ፣ ወፍጮና ብረት ማቅለጫ የሚያጠኑ አርኪዮሎጂስት ናቸው። ደሴ ስቱዲዮ ሆነው ስልክ ይቀበላሉ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ለዚህ ሙያ ምን ልማር?
አርኪዮሎጂ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለልህ። ፀሐይ ከፈራህ ግን ሌላ ፈልግ።

ከኮምቦልቻ፦ ወርቅ አግኝተው ያውቃሉ?
አላውቅም። ባገኝስ በሬዲዮ እነግርሃለሁ?

ከተንታ፦ ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ከኢንዱስትሪ ምን አገናኘው?
ዋናውማ እሱ ነው! አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ በአውሮፓውያን አሠሩት። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት መቅደላ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው ሞቱ፤ እሱም እዚያው ቀረ። እኔ ማቅለጫውን፣ መንገዱን፣ የጎተተውን ሰው ጭምር ነው የማጠናው። ስትሄዱ ስማችሁን እንዳትጭሩበት። አትንኩ፣ አታጥቡ፣ አትሽጡ!

ከደሴ ዙሪያ፦ ባለቤቴ ጉድጓድ ሲቆፍር የዛገ የጣልያን ቦምብ አገኘ። ለቆራሌው ሊሸጠው እየቀጠቀጠው ነው።
እህቴ፣ መዶሻውን አሁኑኑ ያስጥሉት! ስልኩ ይቆየን፣ መጀመሪያ እሱን።

ይኼን ጥያቄ ስንቴ ሰማሁት። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደብድባለች። ከዚያም ወዲህ ጦርነት አላጣንም። ዝገቱ አያታላችሁ። ቆዳው ይበላል እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለው ፈንጂ ይቆያል። እንዲያውም አንዳንዱ ሲያረጅ ይብስበታል። «ባዶ ቀለህ ነው» ብሎ ደወል የሚያደርግ አለ። ባዶ መሆኑን ማን አየለት? እሳት ውስጥ አትጨምሩት፣ ወንዝ አትጣሉት፣ ተሸክማችሁ ፖሊስ ጣቢያ አትውሰዱት። ቦታውን ልብ በሉ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ደውሉ። እኔ ራሴ ሲገጥመኝ ብሩሼን ጥዬ ነው የምወጣው፤ ቅርስ ወዳድነት እዚያ ላይ አይሠራም። በሉ አብሽሩ፣ ግን አትንኩ!

ከወረኢሉ፦ ከእርሻችን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር፣ ከባድ ድንጋይ ይወጣል።
ብረት ሲቀልጥ የሚተርፍ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተቃጠለ የሸክላ ቧንቧ ካለ፣ የወናፍ አፍ ይሆናል። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለን ሸሸነው፤ በሠራው ማረሻ ግን አርሰን በላን። እናንተ አትቆፍሩ፤ ያለ ፈቃድ ቁፋሮ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ከወልዲያ፦ የአያቴን ወፍጮ ሞተር ሳነሳ ዝገቱ እጄን ወጋኝ። ሞተሩ ቅርስ ነው?
እሱን ሌላ ቀን። አንተ አሁን ጤና ጣቢያ ሂድና የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወጋ።