ፓምፕ ወይስ ሰሚ አውቶማቲክ? ለቤትና ለአደን የሚሆን ሾትገን አመራረጥ

(የመክፈቻ ምስል፦ በመደብር ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሾትገኖች።)

በቨርጂኒያም ሆነ በኮሎራዶ ወደ መሣሪያ መደብር ገብታችሁ ሾትገን፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎችን የሚበትን ጠመንጃ፣ እንደምትፈልጉ ስትናገሩ፣ ሻጩ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥላችኋል። አንደኛው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበለው ፓምፕ ሲሆን፣ ሁለተኛው ራሱን በራሱ የሚያቀባብለው ሰሚ አውቶማቲክ ነው። ለተራ ፓምፕ ከ300 እስከ 500 ዶላር ሲጠየቅ፣ ለደህና ሰሚ አውቶማቲክ እጥፉን ወይም ከዚያ በላይ መክፈል የተለመደ ነው። ይህን ቪዲዮ ያዘጋጀነው በአሜሪካ ለምትኖሩና ሕጉ መሣሪያ እንድትይዙ ለሚፈቅድላችሁ ተመልካቾች ነው፤ የምንመረምረውም ያ ተጨማሪ ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝና አንዱ ጠመንጃ ለቤት ጥበቃም ለአደንም ሊበቃ ይችል እንደሆነ ነው።

(ምስል፦ የፓምፕ ሾትገን የጎን ሥዕል፤ እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲንሸራተት።)

በፓምፑ እንጀምር። ከበርሜሉ ሥር ጥይቶች በተርታ የሚደረደሩበት ቱቦ አለ፤ በቱቦው ላይ የሚንሸራተተውን እጀታ የተኳሹ ግራ እጅ ይይዘዋል። ተኳሹ ቃታውን ስቦ ከተኮሰ በኋላ እጀታውን ወደ ኋላ ሲጎትት ባዶው ቀለህ ተመዝዞ ይፈናጠራል፤ ወደ ፊት ሲመልሰው ደግሞ ጠመንጃው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ይህ አሠራር ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ዊንቸስተር 1897 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ሳይቀር አገልግሏል። በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሬሚንግተን 870 እና በ1961 የወጣው ሞስበርግ 500 እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ይህ ቁጥር ለገዢው ትልቅ ትርጉም አለው፤ መለዋወጫቸው በየቦታው ይገኛል፣ ጠጋኙም ያውቃቸዋል፣ ለዳክዬ የሚሆነውን ረጅም በርሜል ፈትቶ ለቤት የሚሆነውን አጭር በርሜል መግጠምም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰሚ አውቶማቲኩም ቢሆን የትናንት ግኝት አይደለም፤ ይኸው ብራውኒንግ የነደፈው አውቶ 5 ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ በቤልጅየም ተመርቷል። በዛሬው ገበያ የምታገኟቸው በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው፣ በ1963 እንደወጣው ሬሚንግተን 1100፣ ከተተኮሰው ባሩድ ጋዝ ጥቂቱን በበርሜሉ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ቀድቶ ፒስተን በመግፋት የሚያቀባብል ነው። ሁለተኛው ቤኔሊ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ያስፋፋው ሲሆን፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ የሚታመቅ ወፍራም ሞላ ተመልሶ ሲለጠጥ ሥራውን ያከናውናል። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል እንጂ፣ በሁለቱም ዓይነት አንድ ጊዜ ቃታ መሳብ አንድ ጥይት ብቻ ያስተኩሳል።

(ምስል፦ በተኩስ ልምምድ ሜዳ፤ እጀታ ላይ ያተኮረ የቅርብ ምስል።)

“ፓምፕ አይነክስም”፣ ማለትም ጥይት ወይም ቀለህ አይቀረቀርበትም፣ የሚለውን አባባል በየመደብሩ ትሰማላችሁ። እኔም አምኜ ነበር የገዛሁት። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የመጀመሪያውን ጥይት ተኮስሁ፤ የሰደፉ ምት ስላስደነገጠኝ እጀታውን ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ሳልጎትት፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው መልሼ ወደ ፊት ገፋሁት። ባዶው ቀለህ ግማሽ አካሉ ወጥቶ፣ ቀዩ ፕላስቲክ ተጨምድዶ ቀለህ በሚወጣበት መስኮት አፍ ላይ ተቀረቀረ። ጠመንጃው አንዳች ጉድለት አልነበረበትም፤ ጉድለቱ የእጄ ነበር። አሠልጣኙ እጀታውን እንደገና ጎትቶ ቀለሁን በጣቱ ሲያወጣው እንኳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጸጥታ በተለማመድሁበት ሜዳ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ በሌሊት ድምፅ ሰምቶ ከእንቅልፉ የባነነ ሰው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ የፓምፑ ታማኝነት የተኳሹን ክንድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የሰሚ አውቶማቲኩ ታማኝነት ጥይቱንና ጽዳቱን ይጠይቃል። ፓምፑ ደካማም ሆነ ኃይለኛ ጥይት ቢሰጡት ግድ የለውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ነውና። ሰሚ አውቶማቲኩ ግን ለመቀባበል ከጥይቱ በቂ ኃይል ማግኘት ስላለበት፣ ለኢላማ ልምምድ በሚሸጡ ቀላል ጥይቶች አንዳንዱ ይነክሳል። በጋዝ የሚሠራው ጥላሸት ሲጠራቀምበት ወይም በብርድ ቀን ዘይቱ ሲወፍር ይንቀራፈፋል፤ በሞላ የሚሠራው ደግሞ ሰደፉ ትከሻ ላይ በጽኑ ካልተደገፈ፣ ወይም መብራትና ሌላ ዕቃ ተጭኖበት ከከበደ፣ ዑደቱን ላይጨርስ ይችላል።

ተጨማሪው ገንዘብ በዋነኛነት የሚገዛው የሰደፉን ምት መለዘብ ነው፤ የተኩስ ፍጥነት በእኔ አስተያየት ሁለተኛ ነገር ነው። በጋዝ የሚሠራ ሰሚ አውቶማቲክ የግፊቱን ኃይል በረዘመ ቅጽበት ውስጥ ስለሚያከፋፍለው፣ ትከሻ ላይ የሚሰማው እንደ ቡጢ ሳይሆን እንደ ግፍትሪያ ነው። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ትከሻው የሚታመም ሰው ልምምድ ይተዋል፣ ልምምድ የተወ ሰው ደግሞ በየትኛውም መሣሪያ አይታመንም። በቤታችሁ ሰውነታቸው አነስ ያለ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የሚተኩሱበት ከሆነ፣ የ20 ቁጥር ሾትገንን አስቡ። ቁጥሩ የመጣው ከጥንት ልኬት ነው፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ኳሶች ሲከፈል የአንዱ ስፋት የ12 ቁጥር በርሜል ስፋት፣ ማለትም 18.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ለ20 ሲከፈል 15.6 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል ማለት ነው። ሁለቱንም የምትይዙ ከሆነ ጥይቶቻቸው ፈጽሞ በአንድ ኪስ አይደባለቁ። የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር በርሜል ውስጥ ሾልኮ ወደ ፊት ይወሸቃል፤ ከኋላው የ12 ቁጥር ጥይት ጎርሶ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል። ባለ 20 ቁጥር ጥይቶች በአብዛኛው ቢጫ ሆነው የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

(ምስል፦ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ረግረግ፣ ጎሕ ሲቀድ።)

ወደ አደን ስንሄድ የፍጥነቱ ክርክር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች ውስጥ በሚገኘው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ዳክዬና ዝይ ለማደን የምትወጡ ከሆነ፣ ከ1935 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ደንብ ለተሰዳጅ አዕዋፍ የሚያገለግል ሾትገን በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ያስገድዳል። በቱቦው ውስጥ የሚገባ ማገጃ ዘንግ ሁለቱን ጠመንጃዎች እኩል ያደርጋቸዋል። ከ1991 ወዲህ ደግሞ በመላው አገሪቱ ለውኃ ወፎች የእርሳስ ፍሬ መጠቀም ስለተከለከለ፣ ብረትን የመሰለ መርዛማ ያልሆነ ፍሬ መጠቀም ግዴታ ነው፤ በአሮጌ ጠባብ አፈሙዝ ብረት መተኮስ በርሜሉን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ጠጋኝ ማማከር ይገባል። ዕድሜው 16 የሞላ አዳኝ ከግዛቱ ፈቃድ በተጨማሪ 25 ዶላር የሚያወጣውን የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር ይገዛል። በረግረግ ውስጥ ጭቃና አሸዋ ለሚነካው፣ እየታጠበም እየተጣለም ለሚሠራ መሣሪያ የእኔ ምርጫ ፓምፑ ነው። ቀኑን ሙሉ ኃይለኛ ጥይት ለሚተኩስ የዝይ አዳኝ ግን ትከሻው ስለ ሰሚ አውቶማቲኩ ይመሰክራል።

ለቤት ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ስሕተት የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነውና። በመጀመሪያ፣ ሾትገን ማነጣጠር አያስፈልገውም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በአምስት ሜትር ኮሪደር ውስጥ ፍሬዎቹ የሚበተኑት ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ነው። ሁለተኛ፣ ወፍራሞቹ ፍሬዎች በጂፕሰም ሰሌዳ የተሠራውን የውስጥ ግድግዳ፣ አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታታዮቹንም ዘልቀው ያልፋሉ፤ ከግድግዳው ወዲያ የልጆች መኝታ ወይም የጎረቤት አፓርታማ ካለ፣ የሚተኮስበትን አቅጣጫ ማሰብ ያለባችሁ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ፓምፕ ሲቀባበል የሚሰማው ድምፅ ሌባ ያባርራል በሚል እምነት መሣሪያ አይገዛም፤ ድምፅ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደወል ግጠሙ፣ በርም ቆልፋችሁ 911 ደውሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በአብዛኞቹ ሾትገኖች ላይ የደህንነት ቁልፉ የሚያግደው ቃታውን ብቻ መሆኑ ነው። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ወድቆ በኃይል ቢመታ ቃታው ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ ፓምፕም ሆነ ሰሚ አውቶማቲክ፣ በቤት ውስጥ ጥይት ጎርሶ አይቀመጥ፤ ቦታውም የተቆለፈ ሣጥን እንጂ የአልጋ ሥር አይደለም። ልጆች የተደበቀ ነገር የሚያገኙበትን ብልሃት ወላጅ ሁሉ ያውቃል። በቤታችሁ በከባድ ሐዘን ወይም በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ያለ ሰው ካለ ደግሞ፣ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ መሣሪያው ከቤት ወጥቶ በሕጋዊ መንገድ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

(ምስል፦ በባንኮኒ ላይ የሚሞላ ቅጽ።)

በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሾትገን ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ገዢው ቅጽ 4473ን ሞልቶ የማንነቱ ታሪክ ይጣራል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ዜጋ ባይሆንም መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መያዝም መግዛትም ተከልክሏል፤ ጥሶ መገኘት ወንጀል ከመሆኑም በላይ የመኖሪያ ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። የበርሜሉ ርዝመት ከ18 ኢንች እንዳያንስም ሕጉ ስለሚያዝ፣ በገዛ እጅ በርሜል መቁረጥ ፈጽሞ አይሞከር። ግዛቶች የየራሳቸውን ገደብ ስለሚጨምሩ የምትኖሩበትን ሕግ አስቀድማችሁ እዩ።

አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚገዛ፣ ገንዘቡ ለተወሰነና በወር አንድ ቀን ለመለማመድ ቃል ለሚገባ ሰው፣ ሁለት በርሜል ያለውን ፓምፕ እመክራለሁ። ለልምምድ ጊዜ የሌለው፣ ወይም ቤተሰቡ የሰደፉን ምት የማይችል ከሆነ ግን ቆጥቦ በጋዝ የሚሠራ የ20 ቁጥር ሰሚ አውቶማቲክ ይግዛ፤ በርካሽ ሰሚ አውቶማቲክ ገንዘብ ማዳን አያዋጣም። የመረጣችሁትን ወደ ሜዳ ወስዳችሁ፣ ለቤት ካሰባችሁት ጥይት ቢያንስ ሃምሳውን ተኩሱበት፤ አንዱ እንኳ ከነከሰ ምክንያቱ እስኪታወቅ አትመኑት። ሳይነክስ ካለቀ የጥይቱን ስምና በሣጥኑ ላይ ያለውን ልክ በማስታወሻ ጻፉ። መደብሩ ያ ጥይት አልቆበት ሌላ ሲሰጣችሁ፣ በተለይ መሣሪያው ሰሚ አውቶማቲክ ከሆነ፣ ሙከራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል።