ጣት አለው ወይ?

ሳምሶን፦ እንደምን ሰነበታችሁ፤ የምንነጋገረው ከጎንደር ነው። የዛሬው ጉዳያችን ያለ አካል ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ሲሆን፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አያይዘን እናየዋለን። አስቀድሜ ግን የአያቴን ነገር ላንሣ።

ማርታ፦ ባለፈውም ከአያትህ ጀምረን ነበር ሰዓቱ ያለቀብን።

ሳምሶን፦ ዛሬ ርእሱ ራሳቸው ናቸው። እምዬ ለጋቢ የሚሆን ማግ ይፈትላሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ እንዝርቱን እምብዛም አያዩትም፣ ወሬያቸውንም አያቋርጡም። እኔ ደግሞ አፈታተሉን በስልኬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ብጠይቀው፣ ባዘቶው እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዝርቱ እንዴት እንደሚሾር፣ ጥጡ በምን ያህል ዝግታ እንደሚሳብ አንድ ሳያስቀር ነገረኝ። ያንን አጥንቼ ብቀመጥ ክሩ በየስንዝሩ ተበጠሰብኝ። እምዬ ጥቂት ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ «ይኸ የምትጠይቀው ሰውዬ ጣት አለው ወይ?» አሉኝ።

ማርታ፦ (ሳቅ) ምን ብለህ መለስህ?

ሳምሶን፦ የለውም አልኋቸው። «ታዲያ ማን ነግሮት ነው?» አሉ። የአእምሮን አሠራር የሚያጠናው ስቴቫን ሃርናድ እ.ኤ.አ. በ1990 ያነሣው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ከቻይንኛ ወደ ቻይንኛ በሚፈታ መዝገበ ቃላት ብቻ ቋንቋውን ልማር ቢል፣ ከቃል ወደ ቃል ሲዞር ይኖራል እንጂ ከነገሩ አይደርስም።

ማርታ፦ ለእምዬ ጥያቄ እኮ መልስ አለው፤ የነገሩት የፈተሉ ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ ከእነርሱ ጣት የወጣ ነው።

ሳምሶን፦ ወሬው ወጣ እንጂ ጣቱ መች ወጣ? ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በቼዝ ሲያሸንፍ፣ ከሰሌዳው ላይ ጠጠሩን እያነሣ የሚያስቀምጥለት ሰው ነበር።

ማርታ፦ ጣት አልነበረውማ!

ሳምሶን፦ አልነበረውም! የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክም እ.ኤ.አ. በ1988 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ለኮምፒውተር የዐዋቂ ሰው ጨዋታ ይቀለዋል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ማየትና መንቀሳቀስ ግን ይከብደዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የድመቶቹ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሄልድና አላን ሃይን በጨለማ ያደጉ የድመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ከሚዞር ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ አኖሯቸው። አንዷ በእግሯ እየተራመደች ዘንጉን ታዞራለች፤ ሌላዪቱ በቅርጫት ሆና ትዞራለች። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ነው። በኋላ ሲፈተኑ ግን የተራመደችዋ ከገደል መሳዩ ጠርዝ ስትሸሽ፣ በቅርጫት የዞረችዋ ጥልቁን ከቅርቡ መለየት አቃታት። የዛሬው አስተውሎት ለእኔ ይህች የቅርጫቷ ድመት ነው፤ እኛ በተራመድንበት ይዞራል።

ማርታ፦ የድመቷን ፍጻሜ ለምን አትናገርም? ከቅርጫቱ ወጥታ በብርሃን ቤት እንደልቧ ስትለቀቅ በሁለት ቀን ገደማ እንደ እኅቷ ሆናለች። እንግዲያው ለማሽኑም እጅና እግር ቢሰጠው የሚከለክለው ነገር አይታየኝም።

ሳምሶን፦ ድመቷ ስትፈታ የራሷን እግር ነው ያገኘችው። ለማሽኑ የምንሰጠው እግር የእርሱ ይሆናል ወይ? ብትወድቅ የሚያማት እርሷን ነው፤ እርሱን ምን ያመዋል?

ማርታ፦ ሕመም ለመማር ግድ ነው ማለትህን አልቀበልም። ይልቅ ጣት ያለው ሮቦት ይዘን እምዬ ዘንድ ብንሄድ ያስተምሩታል?

ሳምሶን፦ ያስተምሩታል። ተስፋ የቆረጡት በእኔ ብቻ ነው።