መተማ ከለንደን ሲርቅ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስለ ውጭ ዜና አድልዎ ተናገር ስባል መጀመሪያ የመጣብኝ ኮረም ነው። በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን እዚያ የቀረጹት ረሃብ ዓለምን አስለቀሰ፤ እርዳታም አመጣ። ያሳዩት እውነት ነበር። ግን እውነቱ እዚያው ቆሞ ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ለሥልጠና ባሕር ማዶ ሄጄ ከጎንደር ነኝ ስል፣ ያከራየችኝ ሴትዮ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አሁንስ ምግብ አለ?" ብላ ነው። የፋሲልን ግንብ በወሬም አታውቀው።

ኖርዌጂያኖቹ ዮሐን ጋልቱንግና ማሪ ሩጌ እ.ኤ.አ. በ1965 የኮንጎ፣ የኩባና የቆጵሮስ ቀውሶች በአገራቸው ጋዜጦች እንዴት እንደቀረቡ አጥንተው ነበር። ሐሳባቸው በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አገሩ ሩቅና ደካማ ከሆነ፣ ዜና ለመሆን ክፉ ነገር ይድረስበት።

ታዲያ ፈረንጅ ልወቅስ አልመጣሁም። እሱን ቡና ላይም እናደርገዋለን።

በ1986 የውጭ ዜና ተርጓሚ ነበርኩ። ከዜና ወኪሎች የሚመጣውን ወረቀት ከማሽኑ እየቀደድኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ስለ ሩዋንዳ የመጣው "የጎሳ ግጭት" ይላል፤ እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። ግጭት ሲባል ሁለት ወገን ሜዳ ላይ የተያያዘ ይመስላል። እዚያ የነበረው ግን በመንግሥት ሰዎች የተደራጀ ፍጅት ነው፤ በመቶ ቀን ገደማ 800,000 ያህል ሰው አለቀ። ማን ማንን እየገደለ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ወሩ ሲያልቅ ደመወዜን ፈርሜ ወሰድኩ።

አሁን ወደ ደጃችን ልምጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። በማለዳ ከአዘዞ የተሳፈረ ሰው በዚያው ቀን መተማ ዮሐንስ ይገባል፤ ኬላውን ካለፈ ገላባት ነው፣ ሱዳን። ስደተኛው በዚያ ገባ፣ ኩመር መጠለያ ጣቢያ ላይ ሰፈረ። የሰሊጥ ነጋዴው ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል፣ ሻይ የምታፈላዋ ታውቃለች። እኛ ጋዜጠኞቹ ግን የጎረቤታችንን ጦርነት ከለንደኑ ቢቢሲና ከዶሃው አልጀዚራ ተተርጉሞ እስኪመጣልን እንጠብቃለን። ዋናው ምክንያት፣ ሳይሸፋፈን፣ እኔ ባለፍኩባቸው የዜና ክፍሎች አረብኛ የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉ ይበቃል ብለን ነበር።

ሌላም አለ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሱዳኑ የመሐዲ ጦር፣ ድርቡሽ፣ በ1880 ጎንደርን እንዴት እንዳቃጠለ ከእናቷ የሰማችውን ትነግረኝ ነበር። ስለ ሱዳን ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ጭስ ይሸተኛል። ኩመር ድንኳን ውስጥ የነበረችው እናት ከድርቡሽ ጋር ምን አላት? ምንም። ግን "ሰርገው የገቡ" የሚል ቃል እጄ ላይ ቶሎ ይመጣል፤ "የሸሹ" የሚለው ይዘገያል። ያከራየችኝ ሴትዮ ኮረምን ይዛ እንደቀረችው፣ እኔም 1880ን ይዤ ቀርቻለሁ።

አንድ ነገር ጠይቄ ልቀመጥ። ከእናንተ መካከል አረብኛ የሚችል እጁን ያውጣ። ኦምሐጀር፣ ሁመራ ወይም መተማ ያደገ መቼም አይጠፋም። እናንተን ከሻይ በኋላ ውጭ፣ ዛፉ ሥር እፈልጋችኋለሁ፤ ደብተር ያዙ።